በሰቆጣ የግብርና ምርምር ሥራ፡ የሳይንስ ተመራቂዎች ከማመልከታቸው በፊት ሊያውቋቸው የሚገቡ ነጥቦች

በዋግ ኽምራ ብሔረሰብ አስተዳደር ዞን ርዕሰ ከተማ የሚገኘው የሰቆጣ ግብርና ምርምር ማዕከል በአማራ ክልል ግብርና ምርምር ኢንስቲትዩት ሥር ከሚሠሩ ማዕከላት አንዱ ነው። በዕፅዋት፣ በአፈርና ውኃ፣ በእንስሳት፣ በደንና በዓሣ ሳይንስ ለተመረቁ ወጣቶች እንዲህ ያለው ማዕከል የሙያቸው መጀመሪያ ሊሆን ይችላል። ይሁን እንጂ በርካታ አመልካቾች ትኩረታቸውን በመደቡ ደረጃና ደመወዝ ላይ በማድረግ የሥራውን ባሕርይ ሳይረዱ ይወዳደራሉ።

ሥራው ምን ይጠይቃል?

በአካባቢው ዝናቡ በአብዛኛው በሐምሌና በነሐሴ የሚወርድ ሲሆን፣ ሰብሉ ፍሬ በሚሞላበት ወቅት ቀድሞ የሚያቋርጥባቸው ዓመታት አሉ። በመሆኑም ቶሎ የሚደርሱ ዝርያዎችን መለየትና እርጥበትን በማሳው ላይ ማቆየት የምርምሩ ዋነኛ ጉዳዮች ናቸው። አንድ ዝርያ ሲፈተሽ በተለያዩ መደቦች ላይ ተደጋግሞ ይዘራል፤ የትኛው በየትኛው መደብ ላይ እንደሚዘራ የሚወሰነው በዕጣ ነው። ይህም የዝርያው ልዩነት ከአፈሩ ልዩነት ጋር እንዳይምታታ ያደርጋል። የበቀለበት፣ ያበበበትና የደረሰበት ቀን እንዲሁም የምርቱ ክብደት በየመደቡ ይመዘገባል። በወቅቱ ያልተመዘገበ መረጃ የሚገኘው በቀጣዩ ክረምት ብቻ ነው። ስለዚህ በክረምቱ አጋማሽ ሥራውን የሚለቅ ባለሙያ የሚያጎድለው የራሱን ቦታ ብቻ ሳይሆን ገበሬው የሚጠብቀውን የአንድ ዓመት ውጤት ጭምር ነው።

ትዕግሥት ምን ያህል እንደሚያስፈልግ የአቀንጭራ አረም ጥሩ ማሳያ ነው። ይህ አረም በማሽላ ሥር ላይ ተጣብቆ ምግቡን የሚሻማ ሲሆን፣ ዘሩ በአፈር ውስጥ ለበርካታ ዓመታት ሳይሞት ይቆያል። ኢትዮጵያዊው ተወላጅ ፕሮፌሰር ገቢሳ ኢጄታ ድርቅንና አቀንጭራን የሚቋቋሙ የማሽላ ዝርያዎችን በማውጣት እ.ኤ.አ. በ2009 የዓለም የምግብ ሽልማትን ተቀብለዋል። የመጀመሪያ ዲግሪያቸውን ያገኙት ከዓለማያ እ.ኤ.አ. በ1973 ነበር።

ዕድሉ በሰብል ብቻ የተወሰነ አይደለም። የአበርገሌ ፍየል፣ የቆላው የዕጣን ዛፍ፣ የማር ምርትና የተከዜ ሰው ሠራሽ ሐይቅ ዓሣ ለምርምር ሰፊ መስክ ይከፍታሉ። ምርምሩ ከአርሶ አደሩ ማሳ ላይ ስለሚከናወንም ኽምጣናን መናገር ወይም ለመማር ፈቃደኛ መሆን ለሥራው ትልቅ አቅም ነው።

ለማመልከት

አመልካቹ በወጣው ማስታወቂያ ላይ የተጠቀሰውን የትምህርት መስክ፣ የሥራ ልምድ፣ የሥራ ቦታና የምዝገባ ማብቂያ ቀን በጥንቃቄ ማንበብ ይኖርበታል። «ዜሮ ዓመት» ተብሎ የተገለጸ መደብ የሥራ ልምድ ለሌላቸው አዲስ ተመራቂዎች ክፍት ነው። ዲግሪውና የውጤት ዝርዝሩ ከዋናው ጋር የሚመሳከር ቅጂ ሊኖረው ይገባል። ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ የመጀመሪያ ዲግሪ ተማሪዎች ለመመረቅ የመውጫ ፈተና ማለፍ ስላለባቸው፣ የዚህን ማስረጃ አብሮ ማዘጋጀት ይጠቅማል።

በፈተናና በቃለ መጠይቅ ወቅት ተቀጣሪው የመመረቂያ ጥናቱን እንዴት እንደሠራ፣ መረጃውን እንዴት እንደሰበሰበና ውጤቱ ካሰበው ሲለይ ምን እንዳደረገ በግልጽ ማስረዳት ቢችል ይመረጣል። ስለ አካባቢው አየር ንብረትና ሰብል አስቀድሞ ማንበብም ይረዳል።

የመንግሥት ቅጥር በውድድርና በብቃት ላይ የተመሠረተ ነው። ቅጥር ለማስፈጸም በሚል ገንዘብ የሚጠይቅ ማንኛውም ግለሰብ ሕገወጥ ተግባር እየፈጸመ በመሆኑ አመልካቾች ክፍያ ከመፈጸም ተቆጥበው ጉዳዩን ለመሥሪያ ቤቱ ወይም ለፀረ ሙስና አካላት ማሳወቅ ይገባቸዋል። በውጤቱ ቅር የተሰኘ ተወዳዳሪም ቅሬታውን በጽሑፍ የማቅረብ መብት አለው።

የኢትዮጵያ መንግሥት በ2007 ዓ.ም. ይፋ ያደረገውና ከሁለት ዓመት በታች ባሉ ሕፃናት ላይ የሚታየውን የመቀንጨር ችግር እ.ኤ.አ. እስከ 2030 ለማስወገድ ያለመው ቃል ኪዳን በዚህችው ከተማ ስም «የሰቆጣ ቃል ኪዳን» ተብሎ ይጠራል። ቃሉ በአርሶ አደሩ ጓዳ እንዲታይ ከጤና ባለሙያው ጎን ለጎን በማሳ ላይ የሚቆይ ተመራማሪም ያስፈልጋል።