ፍትሐታችንን በሕይወት ሳለን መስማት

የሆሳዕና እሑድ ለሕዝበ ክርስቲያኑ የደስታ ዕለት ነው። ሕፃናት የዘንባባ ቀለበት በጣታቸው አጥልቀው፣ አዋቂዎች ዝንጣፊውን በግንባራቸው አስረው ወደየቤታቸው ይመለሳሉ። ይሁን እንጂ በዚህችው ዕለት ካህናቱ ለተሰበሰበው ሕዝብ ሁሉ ጸሎተ ፍትሐት ያደርሳሉ። በሰሙነ ሕማማት ፍትሐት አይደረግምና፣ በዚያ ሳምንት ከዚህ ዓለም በሞት የሚለይ ቢኖር ጸሎቱ አስቀድሞ እንዲደርስለት ነው። ማን እንደሚጠራ ስለማይታወቅ ሕፃኑም ሽማግሌውም፣ ባለጸጋውም ድኻውም በእግሩ ቆሞ የገዛ ፍትሐቱን ይሰማል።

በአንድ የሆሳዕና እሑድ በባሕር ዳር ከተማ ዳርቻ በምትገኘው በሰባታሚት ይህ ሥርዓት ሲፈጸም ተገኝተን ነበር። ጸሎቱ እንዳበቃ አንድ በዕድሜ የገፉ አባት ወደ እኛ ቀርበው፣ «ልጄ፣ እስከ ዛሬ ይህን ጸሎት ለሌላ ሰው የሚደረግ ይመስለኝ ነበር። ዛሬ ግን ለእኔ መሆኑ ገባኝ» አሉን። ራሳቸውን እያዞራቸው መቆየቱን፣ ልጃቸው ወደ ጤና ጣቢያ እንውሰድዎ እያለች ብትለምናቸውም «በሽታ አለብህ እንዳልባል ፈርቼ» እምቢ ማለታቸውን አጫወቱን። ከበዓሉ በኋላ ሄደው ሲመረመሩ የደም ግፊታቸው ከፍ ብሎ ተገኘ፤ መድኃኒትም ታዘዘላቸው። ሞታቸውን ማሰባቸው ለዕድሜያቸው እንዲጠነቀቁ አደረጋቸው።

ሞትን ማሰብ ለአባቶቻችን እንግዳ ነገር አልነበረም። ከባሕር ዳር በጀልባ ለሰዓታት ተጉዞ የሚደረስበት የጣናው ዳጋ እስጢፋኖስ ገዳም የአፄ ይኩኖ አምላክ፣ የአፄ ዳዊት፣ የአፄ ዘርዐ ያዕቆብ፣ የአፄ ዘድንግልና የአፄ ፋሲለደስ አፅም በክብር ተጠብቆ ይገኛል። ሥርወ መንግሥት የመሠረተው፣ መጻሕፍትን የደረሰው፣ ጎንደርን የቆረቆረው ሁሉ ዛሬ ዝም ብሎ በሣጥን ውስጥ አርፏል። ያን ያየ ሰው የተሰጠው ዘመን የተቆጠረ መሆኑን ሳይነገረው ይረዳል።

ታዲያ ፍጻሜን ማሰብ ተስፋ ለመቁረጥ አይደለም። ሲራክ በሰባተኛው ምዕራፍ ፍጻሜውን የሚያስብ ከበደል እንደሚጠበቅ ያስተምራል፤ በሠላሳ ስምንተኛው ምዕራፍ ደግሞ ባለ መድኃኒትን እንድናከብር ይመክራል። ንጉሥ ሕዝቅያስም እንደሚሞት በነቢዩ በተነገረው ጊዜ ፊቱን ወደ ግድግዳ መልሶ አለቀሰ፣ ጸለየም። እግዚአብሔርም 15 ዓመት ጨመረለት። ነገር ግን ነቢዩ ኢሳይያስ በዚህ ብቻ አላበቃም፤ የበለስ ጥፍጥፍ በቁስሉ ላይ እንዲደረግለት አዘዘ። ጸሎትና መድኃኒት በአንድ ነቢይ ቃል ተገናኙ። ስለዚህ «ጸበል እጠመቃለሁና ኪኒን ምን ያደርግልኛል?» የሚል ወገን ቢኖር ይህን ታሪክ ያስተውል።

ነገሩ ቀላል አይደለም። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚገልጸው በዓለም ላይ ከሚሞቱ አራት ሰዎች ሦስቱ ያህል የሚሞቱት እንደ ልብ ሕመም፣ ስትሮክ፣ ካንሰርና ስኳር ባሉ ተላላፊ ባልሆኑ በሽታዎች ነው። የደም ግፊት ብዙውን ጊዜ ምልክት ሳያሳይ ልብን፣ አንጎልንና ኩላሊትን ይጎዳል፤ የሚታወቀውም በመለካት ነው። መድኃኒት የጀመረ ሰው ስለተሻለው ብቻ በራሱ ፈቃድ ቢያቋርጥ ለከፋ አደጋ ይጋለጣል። ጾምን በተመለከተም ፍትሐ ነገሥት በ15ኛው አንቀጹ ሥርዓቱን ሲደነግግ የታመመውን ሰው አያስጨንቅም። የስኳር ሕመምተኛ የሆነ ምእመን ከንስሐ አባቱና ከሐኪሙ ጋር ተማክሮ መጾሙ ወይም መተዉ ድካም ተብሎ አይቆጠርበትም።

ለጤነኛው ግን ዐቢይ ጾም 55 ቀን ሙሉ ያስተማረን ነገር አለ። ሆድ ያለ ቅቤና ያለ ሥጋ እንደሚኖር፣ ጉልበት በስግደት እንደሚበረታ፣ ምላስ በልክ እንደሚገታ አይተናል። ይህን ሁሉ በትንሣኤ ሌሊት በአንድ ገበታ ማፍረስ ግን የጾሙን ትምህርት መዘንጋት ነው። እናቶቻችን በብዙ ቤት ከዶሮው ወጥ አስቀድመው ተልባ የሚያቀርቡት የከረመ አንጀት እንዳይደነግጥ አስበው ነው። እኛም ጮማውን በልክ፣ ጠላውንና አረቄውን በመጠን እናድርግ። የዓለም ጤና ድርጅት ለአንድ አዋቂ ሰው በቀን የሚመክረው ጨው ከ5 ግራም፣ ማለትም ከአንድ የሻይ ማንኪያ ያነሰ ነው። ወጡ ሲሠራ ይህ ይታሰብ። ጠጥቶ መሪ የሚይዝም የራሱን ብቻ ሳይሆን የመንገደኛውንም ነፍስ በእጁ መያዙን አይርሳ።

ትንሣኤ የሞት ድል መነሣት ነው። ክርስቶስ በሥጋ መነሣቱ ሥጋችን እንደ ዋዛ የሚጣል ዕቃ አለመሆኑን ያሳያል፤ ሐዋርያው ጳውሎስም ሰውነታችን የመንፈስ ቅዱስ ማደሪያ መሆኑን ለቆሮንቶስ ሰዎች ጽፏል። ማደሪያን ደግሞ ባለቤቱ እስኪጠራ ድረስ ጠብቆ መያዝ ከአደራ ተቀባዩ ይጠበቃል።

እኒያ የሰባታሚት አባት ሲሰናበቱን፣ «ፍትሐቴን ሰምቻለሁና የቀረኝን ቀን እንደ ዋዛ አላሳልፈውም» ብለው ነበር። በዚህ በዓል ከገበታችን ዙሪያ በዕድሜ የገፋ፣ ራሱን የሚያመው ወይም መድኃኒቱን የተወ ወገን ካለ፣ ከምርቃቱ ጋር «እንመርመርዎ» የሚል ቃል እንጨምርለት።

መልካም የትንሣኤ በዓል ይሁንልን።