ፍሪሲዮን እምቢ ሲል ካምቢዮ ለማውረድ አይቸኮል
የአሮጌ ሚኒባስ ባለንብረቶች ሳይመረመር ለሚፈታ መኪና ብዙ ይከፍላሉ

ጠዋት ተሳፋሪ ሲያመላልስ ያረፈደ ሚኒባስ ከቀትር በኋላ በድንገት ማርሽ አልቀበልም ብሎ መንገድ ዳር ሲቆም ማየት ለአዲስ አበባ ነዋሪ እንግዳ ነገር አይደለም። ሹፌሩ ይረግጣል፤ ፔዳሉ ወለል ነክቶ ይቀራል፤ ማርሹም እየተፋጨ አይገባም። ብዙውን ጊዜ ወዲያው የሚሰማው ፍርድ “ፍሪሲዮኑ አልቋል፤ ካምቢዮ ይውረድ” የሚል ነው። ፍርዱ ትክክል የሚሆንበት ጊዜ አለ። ሳይመረመር ሲሰጥ ግን ባለንብረቱ በአንዲት ጎሚኒ ሊያልቅ ለሚችል ብልሽት የሙሉ ፍሪሲዮን ዋጋና የቀናት ገቢ እንዲያጣ ያደርጋል።

ነገሩ የመካኒክ ብቻ ሳይሆን የገበያም ጉዳይ ነው። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ በአሮጌ ተሽከርካሪዎች ላይ ከባድ ታክስ ጣለ። በ2016 ዓ.ም. ደግሞ በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ መከልከሉ ተገለጸ። በዚያው ዓመት ሐምሌ ወር የብር ምንዛሪ ለገበያ ሲለቀቅ፣ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ 100 ብርን አለፈ። አዲስ መኪና በራቀ ቁጥር አሮጌው ውድ ይሆናል። መለዋወጫውም ከውጭ የሚገባ በመሆኑ ያለ አግባብ የሚቀየር ዕቃ ሁሉ ከባለንብረቱ ካፒታል ላይ የሚቀነስ ነው። በተለምዶ “ዶልፊን” የሚባለው የቶዮታ ሃይኤስ ዓይነት መመረት የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1989 ሲሆን፣ ተተኪው ሞዴል የወጣው በ2004 ነው። የመኪናው ዕድሜ የጎሚኒዎቹም ዕድሜ ነው።

ብልሽቱ የት ነው?

የፍሪሲዮን አሠራር በሁለት ይከፈላል። አንደኛው ከውጭ የሚገኘው የዘይት ክፍል ነው። ፔዳሉ ሲረገጥ የላይኛው ፖምፓ ዘይቱን በቱቦ ይገፋል፤ ከካምቢዮው ጎን የተገጠመው የታችኛው ፖምፓም ሹካውን ይገፋል። ሁለተኛው በሞተሩና በካምቢዮው መካከል የተዘጋው ክፍል ሲሆን ሸራው፣ ሸራውን በቮላኖው ላይ የሚጫነው ፕሬሸር ፕሌትና ኩሽኔታው በዚያ ይገኛሉ።

የመጀመሪያው ካምቢዮ ሳይነካ ይጠገናል። ሁለተኛውን ለማየት ግን ካምቢዮው መውረድ አለበት። የወጪው ልዩነት የሚመጣውም ከዚህ ነው።

ሸራ ሲያልቅ አስቀድሞ ይናገራል። ሞተሩ እየጮኸ መኪናው አይሄድም፤ ዳገት ላይ ይደክማል፤ የቃጠሎ ሽታ ይመጣል። ትናንት ደህና የነበረ ፔዳል ዛሬ ድንገት ወለል ላይ ሲቀር ግን በቅድሚያ የሚጠረጠረው የዘይቱ ክፍል ነው።

ምርመራው ብዙ መሣሪያ አይጠይቅም። መጀመሪያ የፍሪሲዮኑ ዘይት ማጠራቀሚያ ይታያል። ከጎደለ የሚያፈስበት ቦታ አለ ማለት ነው። ከፔዳሉ በላይ ወይም በሹፌሩ እግር ሥር ያለው ርጥበት የላይኛውን ፖምፓ፣ ከካምቢዮው ጎን ያለው ደግሞ የታችኛውን ያመለክታል።

ቀጥሎ ፔዳሉ ደጋግሞ ይረገጣል። በዚህ ጊዜ ከፍ ብሎ ማርሽ ከገባ፣ አየር ገብቷል ወይም ፖምፓው ዘይት መያዝ ተስኖታል ማለት ነው። ወደ ውጭ የሚፈስ ነገር ሳይኖር፣ ተረግጦ የተያዘ ፔዳል ቀስ በቀስ የሚሰምጥ ከሆነ የላይኛው ፖምፓ ጎሚኒ በውስጥ በኩል ዘይቱን እያሳለፈው ነው።

ቁርጡን የሚለየው ሦስተኛው ፍተሻ ነው። ሞተሩ ጠፍቶ፣ ማርሹ ዜሮ ላይ ሆኖና ጎማዎቹ በድንጋይ ተደግፈው፣ ረዳቱ ፔዳሉን ሲረግጥ መካኒኩ የታችኛውን ፖምፓ ዘንግ ይመለከታል። ዘንጉ ጥቂት ብቻ ከተንቀሳቀሰ ችግሩ የዘይቱ ነው። ሹካውን እስከ መጨረሻው እየገፋ ፍሪሲዮኑ ካልለቀቀ ግን ሹካው፣ ፕሬሸር ፕሌቱ ወይም ሸራው ተሰብሯል፤ አለዚያም ሸራው ተጣብቋል። ያን ጊዜ ካምቢዮ ይውረድ ቢባል አግባብ ነው።

ሂሳቡ

ለስሌት ያህል አንድ ሚኒባስ ለባለንብረቱ በቀን 1,500 ብር ያስገባል ቢባል፣ ያለ ምክንያት 3 ቀን ጋራዥ ሲቆም 4,500 ብር ይቀራል። የእጅ ዋጋና የመለዋወጫው ገና አልተቆጠረም። ከሁሉ የሚብሰው ደግሞ አዲስ ሸራ ተገጥሞ፣ ፔዳሉ እንደገና ወለል ላይ ሲቀር ነው።

በአንጻሩ ካምቢዮው በእርግጥ ከወረደ ቁጠባው መልኩን ይለውጣል። የማውረጃው ድካም አንድ ስለሆነ ሸራው፣ ፕሬሸር ፕሌቱና ኩሽኔታው አብረው ቢቀየሩ፣ ቮላኖውም ቢታይ ያዋጣል። ሸራው በዘይት ከራሰ ዘይቱ የሚመጣበት ጎሚኒ ሳይቀየር አዲስ ሸራ መግጠም ገንዘብ ማቃጠል ነው። ከሶማሌ ተራ ዕቃ የሚገዛም የሞተሩን ዓይነት አውቆና አሮጌውን ዕቃ ለናሙና ይዞ ቢሄድ ከመመለስ ይድናል።

መንገድ ላይ የሚፈጸም ሌላ ጥፋትም አለ። ዘይቱ ሲጎድል የሞተር ዘይት የሚጨምሩ ሹፌሮች አይጠፉም። የሞተር ዘይት ለፍሬን ዘይት የተሠሩትን ጎሚኒዎች ያሳብጣል፤ ስለዚህ ትንሹን ብልሽት ትልቅ ያደርገዋል።

ምርመራው በባለንብረትና በሹፌር መካከል የሚነሳውንም ክርክር ይፈታል። በዕድሜ የደረቀ ጎሚኒ ሹፌሩን አያስጠይቅም። ከተቀየረ ብዙም ሳይቆይ ያረረ ሸራ ግን እግርን ፔዳል ላይ አሳርፎ የመንዳት ወይም ዳገት ላይ በፍሪሲዮን የመቆም ልማድን ሊያመለክት ይችላል። ማስረጃ ሳይታይ “አንተ ነህ ያቃጠልከው” ብሎ ከሹፌር ኪስ መቁረጥ ለማንም አይበጅም።

ለገዢና ለደላላም ይኸው ዕውቀት የመደራደሪያ ጉልበት ነው። በአሮጌ ማጠራቀሚያ ውስጥ የሚያበራ አዲስ ዘይት ከታየ የታችኛውን ፖምፓ ጎንበስ ብሎ ማየት ይገባል። ሜዳ ላይ የእጅ ፍሬን ተይዞ፣ ሦስተኛ ማርሽ ገብቶ፣ ፔዳሉ ቀስ ብሎ ሲለቀቅ ሞተሩ መጥፋት አለበት። ሳይጠፋ መጮሁን ከቀጠለ ሸራው እየተንሸራተተ ነው። ያን ጊዜ የፍሪሲዮኑ ዋጋ ከመኪናው ዋጋ ላይ መነሳት ያለበት ቀብድ ከመሰጠቱ በፊት ነው።