መልሱ ደረሰ፤ ትምህርቱስ?

የቤት ሥራ ያቃተው የ7ኛ ወይም የ8ኛ ክፍል ተማሪ ድሮ ብዙ ምርጫ አልነበረውም። ቤት ውስጥ የተማረ ታላቅ ካለ ይጠይቃል፤ ከሌለ ጠዋት ማልዶ ክፍል ይገባና መምህሩ ሳይደርስ የጎበዝ ተማሪ ደብተር ተውሶ ይገለብጣል። ስማርት ስልክ እየተስፋፋ ከመጣ ወዲህ ሌላ መንገድ ተከፍቷል። ልጁ ጥያቄውን ፎቶ ያነሳል፣ የክፍል ጓደኞቹ ያሉበት የቴሌግራም ግሩፕ ላይ ይለጥፋል፣ «አራተኛውን የሠራ አለ?» ብሎ ይጠብቃል። ኔትወርክ ካልከዳው ጥቂት ቆይቶ መልሱ ይመጣለታል።

ወላጆችና መምህራን ይህን በሁለት ዓይን ያዩታል። አንዱ ወገን «ልጆቹ መረዳዳት ለመዱ» ብሎ ደስ ይለዋል። ሌላው «ኩረጃ ከደብተር ወደ ስልክ ተዛወረ እንጂ ምን ተለወጠ?» ይላል። ሁለቱም የሚሉት ነገር በየግሩፑ ይታያል። ስለዚህ ለመፍረድ ከመቸኮል ከአንዱ ልጅ ወደ ሌላው ምን እንዳለፈ መመርመር ይሻላል። መልስ ብቻ ካለፈ ጠያቂው ምንም አልተማረም፤ ያልተማረውም ነገር የሚታወቀው ፈተና ላይ ነው። የአሠራሩ መንገድ ካለፈ ግን ሁለት ልጆች ይማራሉ፤ እንዲያውም ብዙውን ጊዜ አብልጦ የሚማረው አስረጂው ነው።

የሰሊጥ ወቅትና የትምህርት ወቅት

ጉዳዩ አብርሃ ጅራን በመሰለ ቦታ ከአዲስ አበባ ይልቅ ይከብዳል። አብርሃ ጅራ በአማራ ክልል የምዕራብ አርማጭሆ ወረዳ ዋና ከተማ ናት። ከመተማ ጀምሮ በሱዳን ድንበር ወደ ሁመራ የሚዘልቀው ይህ ቆላ የሰሊጥ፣ የማሽላና የጥጥ አገር ነው። ሰሊጥ ደግሞ ጊዜ የማይሰጥ ሰብል ነው፤ ደርሶ ሳይታጨድ ከቆየ ፍሬው መሬት ላይ ይረግፋል። ስለዚህ አጨዳው ሲደርስ ከደጋው በብዙ ሺህ የሚቆጠር የቀን ሠራተኛ ይወርዳል፣ የጉልበት ዋጋ ይጨምራል፣ ጉልበት ያለው ሁሉ ይፈለጋል። ይህ የሚሆነው ትምህርት በሚከፈትበት በመስከረምና በተከታዮቹ ሳምንታት ነው። የ13ና የ14 ዓመት ልጅ በዚያ ወቅት ከክፍል ቢጠፋ አያስገርምም።

በሒሳብና በሳይንስ ግን የጠፋው ሳምንት ተመልሶ ዋጋ ያስከፍላል። በጥቅምት ንጥጥርን ያልተማረ ልጅ በኅዳር መቶኛን አይከተልም፤ መቶኛ ያልገባው ደግሞ ትርፍና ኪሳራ ላይ ሲደርስ ቁጥሩን እንዲሁ ያባዛል። ልጁ ወደ ክፍል ሲመለስ መምህሩ ብዙ ተማሪ ይዞ ወደ ፊት ሄዷል። ያመለጠውን ሊያሳየው የሚችል የቅርብ ሰው ሳይጠፋ የተማረው ጓደኛው ነው።

በዚህ ላይ ጦርነት ተጨመረ። ሐምሌ 28 ቀን 2015 ዓ.ም. የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ከታወጀ በኋላ የአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ለአንድ ዓመት ያህል በአብዛኛው ተቋርጦ ቆይቷል። ትምህርት ቤቶች ተዘግተዋል፤ በሚሊዮን የሚቆጠሩ ተማሪዎች ከትምህርት ገበታ ውጭ መሆናቸውን የክልሉ ትምህርት ቢሮ ራሱ ሲገልጽ ነበር። በመጋቢት 2012 ዓ.ም. በኮሮና ምክንያት ትምህርት ቤት ሲዘጋ የከተማ ተማሪ ቢያንስ ቴሌግራም ነበረው። በዚህኛው ጊዜ ክፍሉም ኢንተርኔቱም አብረው ጠፉ።

እነዚህ ሁለት የክፍል ደረጃዎች በራሳቸው ወሳኝ ናቸው። አዲሱ ሥርዓተ ትምህርት 7ኛንና 8ኛን ከአንደኛ ደረጃ ነጥሎ መካከለኛ ደረጃ አድርጓቸዋል። ልጁ 6ኛን በክልል አቀፍ ፈተና አልፎ ይገባል፣ ሕዝቡ ዛሬም «ሚኒስትሪ» የሚለውን የ8ኛ ክፍል ፈተና ወስዶ ይወጣል፤ 9ኛ ሲገባ ደግሞ ማስተማሪያ ቋንቋው እንግሊዝኛ ይሆንበታል። እዚህ ላይ የቀረ ክፍተት ከቋንቋው ጋር ተደምሮ ኋላ በእጥፍ ይመጣል።

አንድ ጥያቄ፣ ሁለት ዓይነት እርዳታ

ልዩነቱን በአንድ ጥያቄ እንየው። ቁጥሮቹ ለስሌት እንዲመቹ የተመረጡ ናቸው። «አንድ ኩንታል ሰሊጥ 10,000 ብር ይሸጥ ነበር። ዋጋው በመጀመሪያ በ20 በመቶ ቀነሰ፤ ቀጥሎ በ20 በመቶ ጨመረ። አሁን ዋጋው ስንት ነው?»

ብዙ ልጅ «20 ቀንሶ 20 ከጨመረ ያው 10,000 ነው» ይላል። ትክክለኛው መልስ 9,600 ብር ነው። እንበልና አንዲት ተማሪ ጥያቄውን ግሩፕ ላይ ለጠፈች፤ አንዱ ጎበዝ «9,600» ብሎ መለሰላት። «አመሰግናለሁ» አለች፣ ጻፈች፣ በማግስቱ መምህሩ ራይት ሰጣት። ሁሉም ደስ ብሎታል። ፈተና ላይ ግን «ዋጋው ወደ 10,000 እንዲመለስ በስንት በመቶ መጨመር ነበረበት?» ተብሎ ቢመጣ ያለማመንታት 20 ትላለች። የተሳሳተ ሐሳቧ አልተነካም፤ እንዲያውም በራይት ተሸፍኖ አለፈ።

አሁን መላሹ ሌላ መንገድ ቢይዝስ?

«አንቺ ስንት አገኘሽ?»

«10,000።»

«የመጀመሪያው 20 በመቶ የስንት ብር 20 በመቶ ነው?»

«የ10,000። 2,000 ብር ነው። 8,000 ቀረ።»

«እሺ፣ ሁለተኛው 20 በመቶስ የስንት ነው?»

እዚህ ላይ ትቆማለች። ትምህርቱ ያለው እዚህ መቆሚያ ላይ ነው። ሁለተኛው 20 በመቶ የሚሰላው በ8,000 ላይ መሆኑን ራሷ ስትደርስበት 1,600 ታገኛለች፤ ደምራም 9,600 ትላለች። ከዚያ በኋላ ለተከታዩ ጥያቄ ማንንም መጠየቅ አያስፈልጋትም። ከ8,000 ተነስቶ 2,000 ለመጨመር 25 በመቶ እንደሚያስፈልግ በራሷ ታወጣዋለች። መላሹም አተረፈ። እስከዚያች ሰዓት እጁ የሚሠራውን ያህል አፉ ማስረዳት ይችል እንደሆነ አልተፈተነም ነበር።

ጥናቶች ምን ይላሉ?

በአሜሪካ የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪ የሆነችው ኖሪን ዌብ በቡድን የሚሠሩ የሒሳብ ተማሪዎችን ለረጅም ዓመታት አጥንታለች። ከግኝቶቿ ሁለቱ ለጉዳያችን ይጠቅማሉ። በዝርዝር የሚያስረዳ ተማሪ ራሱ ይሻሻላል። መልስ ብቻ የተሰጠው ተማሪ ግን አይጠቀምም፤ ማብራሪያ የተሰጠውም ቢሆን የሚጠቀመው ማብራሪያው ገብቶት ወዲያው በራሱ እጅ ሲሠራበት ነው። የእርዳታው ጥቅም ተረጂው ቀጥሎ በሚያደርገው ነገር ላይ ያርፋል ማለት ነው።

የመልስ ጉዳት በቁጥር የታየው ደግሞ በራትገርስ ዩኒቨርሲቲ ነው። አርኖልድ ግላስና ባልደረባው መንግሹዌ ካንግ የ11 ዓመት የተማሪዎች ውጤት አነጻጽረው እ.ኤ.አ. በ2020 አሳተሙ። የቤት ሥራ ላይ ካመጡት ውጤት ያነሰ ፈተና ላይ ያመጡ ተማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2008 ከመቶ 14 ነበሩ፤ በ2017 ግን 55 ሆኑ። በመካከሉ ስማርት ስልክ ገብቷል፤ መልስን ከኢንተርኔት ማግኘት ቀላል ሆኗል። ጥናቱ የተሠራው በዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ላይ ነው። ነገር ግን የቤት ሥራ ውጤት እያማረ ፈተና ላይ የሚወድቅበት መንገድ ከ8ኛ ክፍል ተማሪ ጋር ያው ነው።

በአገራችንም ወረቀት ላይ ያለ ውጤትና ጭንቅላት ውስጥ ያለ እውቀት ምን ያህል እንደተራራቁ ታይቷል። በ2008 ዓ.ም. ብሔራዊ ፈተና በማኅበራዊ ሚዲያ አስቀድሞ ወጥቶ እንዲቋረጥ ተደረገ። የ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ተፈታኞች ወደ ዩኒቨርሲቲዎች ተወስደው በጥብቅ ቁጥጥር ሲፈተኑ 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ሆኑ። ለዚህ ውጤት የመምህር፣ የመጽሐፍና የትምህርት ቤት ችግር ሁሉ ድርሻ አለው። ሆኖም እስከዚያ ድረስ እነዚያ ልጆች ለዓመታት የቤት ሥራ አስረክበዋል፣ ከክፍል ክፍል አልፈዋል።

የኔታ የሚያደርጉት፣ ግሩፑ የማያደርገው

ተማሪ ለተማሪ ማስተማር ለዚህ አገር አዲስ አይደለም። በጎንደር አብያተ ክርስቲያናት ዙሪያ በሚገኙ የአብነት ትምህርት ቤቶች የኔታ ሁሉንም ልጅ ብቻቸውን አያስተምሩም፤ ከፍ ያለው ደቀ መዝሙር ታናሹን ያስጠናል። ታናሹ ግን መጨረሻ ላይ የተማረውን በየኔታ ፊት በራሱ አፍ ያሰማል። ያስጠናው ልጅ እዚያ ቆሞ አይመልስለትም። እርዳታው የጋራ ነው፤ ማሰማቱ የግል ነው። ሥርዓቱን ጠብቆ ያቆየው ይህ ሁለተኛው ክፍል ነው።

በመንግሥት ትምህርት ቤቶች የተሞከረው የአንድ ለአምስት አደረጃጀት በብዙ ቦታ ይህ ክፍል ጎድሎት ነበር። ቡድኑ በአንድ ወረቀት ሥራውን ያስረክብ ነበር፤ አንዱ ይሠራል፣ የሌሎቹ ስም ይጻፋል፣ ሁሉም እኩል ማርክ ያገኛል። የግል ማሰሚያ አልነበረም። የቴሌግራም ግሩፕም ካልታሰበበት የዚሁ ታናሽ ወንድም ይሆናል።

ሌላው ዓለም ይህንኑ ችግር በሌላ መልክ አይቶታል። እ.ኤ.አ. በ2009 በፖላንድ ክራኮው የተመሠረተው ብሬይንሊ ተማሪዎች የቤት ሥራ ጥያቄ የሚጠያየቁበት ትልቅ መድረክ ነው። ሥራውን ያንቀሳቀሰው በነጥብ ነበር፤ ስትመልስ ታገኛለህ፣ ስትጠይቅ ታወጣለህ። ነጥብ ግን በባሕርይው ብዛትንና ፍጥነትን ይጋብዛል። በእኛም ግሩፕ «ቀድሞ የመለሰ» የሚሞገስ ከሆነ መላሾች አጭሩን መልስ ይልካሉ፤ የጓደኛውን ስህተት ፈልጎ ያገኘ የሚሞገስ ከሆነ ደግሞ ጥያቄ መጠየቅ ይለምዳሉ።

ምን ይደረግ?

መፍትሔው በሦስት ልማዶች ሊጠቃለል ይችላል። ጠያቂ ባዶ ጥያቄ አይለጥፍም፤ የሞከረውንና የቆመበትን መስመር አብሮ ፎቶ አንስቶ ይልካል። መላሽ የመጨረሻውን ቁጥር ከመላኩ በፊት የተሳሳተውን እርምጃ ያሳያል ወይም ይጠይቃል። ጠያቂው ሲገባው ቁጥሩን ቀይሮ አንድ ሌላ ጥያቄ ሠርቶ ይመልሳል። ሦስተኛው ብዙ ጊዜ የሚረሳው ነው፤ የየኔታን ማሰሚያ የሚተካው ግን እሱ ነው።

መምህሩ የግሩፑን መልእክት ሁሉ ማንበብ አይጠበቅበትም። በማግስቱ ቁጥሩን የቀየረ ጥያቄ ሰሌዳ ላይ ጽፎ ማንኛውንም ልጅ ቢያወጣ፣ ማርኩንም ከመጨረሻው ቁጥር ይልቅ ለአሠራሩ ቢሰጥ፣ መልስ ብቻ የመላላክ ጥቅም ወዲያው ይቀንሳል። ልጆች ማርክ ወዳለበት ይሄዳሉ።

አብርሃ ጅራ ላይ የዳታ ጉዳይም አለ። ቪዲዮ ፓኬጅ ይበላል፤ ጽሑፍና አጭር የድምፅ መልእክት በደካማ ኔትወርክም ያልፋሉ። አንዴ ስልኩ ላይ የወረደ መልእክት ዳታ ጠፍቶም ይነበባል፤ ስለዚህ እርሻ ላይ የሰነበተ ልጅ ከተማ በገባ ቀን የሳምንቱን ማብራሪያ ሊያገኘው ይችላል። ማብራሪያው ተጽፎ ከቆየ ማለት ነው፤ «9,600» የሚል ባዶ ቁጥር ከሳምንት በኋላ ለማንም ምንም አይነግረውም።

ስልክ የሌላቸው ልጆች መረሳት የለባቸውም። በብዙ ቤት ስልኩ የአባት ወይም የታላቅ ወንድም ነው፤ ሴት ልጆች ከወንዶች ባነሰ ጊዜ ያገኙታል። ግሩፑ ላይ የተሠራው በደብተር ተገልብጦ ክፍል ካልመጣ እርዳታው ቀድሞም ለተሻለው ብቻ ይሆናል። ሌላው ጥንቃቄ የደኅንነት ነው፤ የ13 ዓመት ልጆች ግሩፕ ውስጥ የማይታወቅ አዋቂ ሊኖር አይገባም። አባላቱ በአካል የሚተዋወቁ የአንድ ትምህርት ቤት ልጆች ሆነው ቢያንስ አንድ መምህር ቢኖርበት መልካም ነው።

ኢንተርኔት ነገ እንደገና ሊቋረጥ ይችላል፤ ይህ አካባቢ ያንን በደንብ ያውቀዋል። መልስ መላላክ ብቻ የለመደ ክፍል ኔትወርኩ ሲጠፋ ምንም አይቀረውም። «አንቺ ስንት አገኘሽ? የት ላይ ቆምሽ?» ብሎ መጠየቅን የለመደ ክፍል ግን በእረፍት ሰዓትም፣ ወደ ቤት በሚሄድበት መንገድም፣ ትምህርት ቤት ተዘግቶ ሁለት ልጆች አንድ ደጃፍ ላይ ሲገናኙም ያንኑ ያደርገዋል። ለዚህ ካርድ መሙላት አያስፈልግም። ትምህርት ቤቱ ሊያስለምዳቸው የሚገባው ይህንን ነው፤ ማስለመጃው ጊዜም ኔትወርክ ያለበት አሁን ነው።