ሞደም፣ የስልክ መስመርና የሚቋረጥ ግንኙነት

ሞደም ከኮምፒውተር የሚወጣውን ዲጂታል ምልክት የስልክ ሽቦ ሊሸከመው ወደሚችል ድምፅ የሚለውጥ፣ ከመስመሩ ማዶ የሚመጣውንም ድምፅ ኮምፒውተሩ ወደሚያነበው ምልክት የሚመልስ መሣሪያ ነው። መደበኛው የስልክ መስመር ለሰው ንግግር ተብሎ የተዘረጋ በመሆኑ ከ300 እስከ 3,400 ኸርዝ ገደማ ያለውን የድምፅ ክልል ብቻ ያሳልፋል፤ ደብዳቤውም ምስሉም በዚህ ጠባብ ክልል ማለፍ ግድ ይለዋል። ተጠቃሚው በሞደሙ አማካይነት ወደ አገልግሎት ሰጪው ቁጥር እየደወለ ኢንተርኔት የሚያገኝበት ዘዴ ዳያል አፕ የሚባለው ሲሆን፣ የኢትዮጵያ ቴሌኮሙኒኬሽን ኮርፖሬሽን በ1989 ዓ.ም. የኢንተርኔት አገልግሎት ሲጀምር አብዛኛው ደንበኛ የተገናኘው በዚሁ መንገድ ነበር።

ዳያል አፕ የሚሠራው በመደወል ስለሆነ ግንኙነት ሲጠፋ መጀመሪያ የሚታየው የሚደወልበት ቁጥር ነው። ለምሳሌ ከአዲስ አበባ በደብረ ማርቆስ በኩል ወደ ባሕር ዳር በሚወስደው አውራ ጎዳና ላይ የሚገኙት ፍኖተ ሰላምና ቡሬ በሰሜን ምዕራብ የስልክ ክልል ውስጥ የሚመደቡ ሲሆን፣ ከክልሉ መለያ ከ058 ቀጥሎ ፍኖተ ሰላም 775ን፣ ቡሬ ደግሞ 774ን ይዘዋል። ይህ የቁጥር አሰጣጥ በሥራ ላይ የዋለው በ1998 ዓ.ም. መጀመሪያ ስለሆነ፣ ከዚያ በፊት የተዘጋጀና ሳይነካ የቆየ ኮምፒውተር በመደወያ ሠንጠረዡ ውስጥ የድሮውን ቁጥር ይዞ ሊገኝ ይችላል። እንዲህ ያለ ኮምፒውተር ሞደሙም መስመሩም ደኅና ሆነው ሳለ አይገናኝም፤ በመሆኑም የተመዘገበውን ቁጥር አንድ በአንድ ማንበብ ከማናቸውም ጥገና በፊት ሊደረግ ይገባል።

ቁጥሩ ትክክል ከሆነ ምርመራው ከኮምፒውተሩ ሳይሆን ከመስመሩ ቢጀመር ይሻላል። ዳያል አፕ በተለመደበት ዘመን ብዙ ጊዜ ይታይ የነበረው ግን ተቃራኒው ነው፤ ግንኙነት እምቢ ባለ ቁጥር ዊንዶውስ እንደገና ይጫን፣ የሞደሙ ካርድም ይነቀል ነበር፣ መስመሩ ግን ሳይመረመር ይቀር ነበር። የሞደሙን ገመድ ከግድግዳው ሶኬት ነቅሎ በምትኩ ተራ ስልክ መሰካትና እጀታውን አንሥቶ ማዳመጥ ምንም ወጪ የማይጠይቅ ምርመራ ነው። የመደወያው ቃና ጥርት ብሎ ከተሰማ መስመሩ ሕያው ነው፤ ጭራሽ ካልተሰማ ሽቦው አንድ ቦታ ተቋርጧል ወይም ከማዞሪያ ጣቢያው በኩል ተዘግቷል፤ ቃናው እየተሰማ ከሥሩ የሚንጫጫ ወይም የሚያጓራ ድምፅ ካለ ደግሞ ሰው ለማውራት የሚበቃው መስመር ለሞደም ላይበቃ ይችላል።

የመጨረሻው ሁኔታ በተለይ በክረምት ይበረታል። ከምሰሶ ወደ ቤት የሚገባው ሽቦ የሚቀጠልበት ቦታ በደንብ ካልተሸፈነ ከሰኔ እስከ መስከረም ባለው ዝናብ ውኃ ይገባዋል፣ መዳቡም ይዝጋል፤ በዚህም የተነሣ ምልክቱ ይደክማል፣ ጫጫታውም ይጨምራል። ሞደሞች ሲገናኙ የሚያሰሙት የታወቀ ጩኸት መስመሩን የሚፈትሹበትና በምን ፍጥነት መነጋገር እንደሚችሉ የሚስማሙበት ሂደት ነው። ቪ.90 በተባለው ደረጃ የተሠራ ሞደም በሰከንድ እስከ 56 ኪሎቢት ሊቀበል ቢችልም፣ ይህ የሚሆነው ከአገልግሎት ሰጪው እስከ ተጠቃሚው ማዞሪያ ጣቢያ ያለው መንገድ በሙሉ ዲጂታል ሲሆንና የመጨረሻው ሽቦም ንጹሕ ሲሆን ነው፤ ያለዚያ ፍጥነቱ ወደ 33.6 ኪሎቢት ወይም ከዚያ በታች ሊወርድ ይችላል። ከከተማ ርቀው ድምፅን በሬዲዮ እየጨመቁ በሚያሳልፉ የገጠር መስመሮች ላይ ደግሞ ፍጥነቱ ወደ 9.6 ሊያሽቆለቁል ይችላል፤ በ33.6 አራት ደቂቃ ገደማ የሚፈጀው የአንድ ሜጋባይት ፋይል በዚህ ፍጥነት ከ14 ደቂቃ በላይ ይወስዳል። በጫጫታ መስመር ላይ የሞደሙን ከፍተኛ ፍጥነት ሆን ብሎ ዝቅ ማድረግ ግንኙነቱ እንዲጸና ይረዳል፤ በየአምስት ደቂቃው ከሚቋረጥ ፈጣን ግንኙነት ይልቅ ዝግ ብሎ የሚዘልቀው ሥራ ያስጨርሳል።

መስመሩ ጤናማ ሆኖ ሳለ ግንኙነቱ ካልተሳካ ዊንዶውስ የሚያወጣው የስሕተት ቁጥር የት ላይ እንደቆመ ያመለክታል። 680 ሞደሙ የመደወያ ቃና አልሰማም ማለት ነው፤ ተራው ስልክ ቃናውን እየሰማ ሞደሙ ካልሰማ፣ ገመዱ በሞደሙ ላይ ካሉት ሁለት ቀዳዳዎች ለስልክ መቀጠያ በተሠራው ላይ ተሰክቶ እንደሆነ ማየት፣ ቃናው ደካማ ወይም ለሞደሙ እንግዳ ከሆነም ቃና ሳይጠብቅ እንዲደውል ማዘዝ ያስፈልጋል። 676 መስመሩ መያዙን፣ 678 ደግሞ ከማዶ መልስ አለመገኘቱን ይናገራሉ። 691 የተጠቃሚው ስም ወይም የይለፍ ቃሉ ተቀባይነት ማጣቱን ሲገልጽ፣ በአገራችን አንድ የተለየ ምክንያት አለው፦ የአማርኛ መጻፊያ ፕሮግራሙ ሳይዘጋ ከቀረ የይለፍ ቃሉ በላቲን ፊደል ፈንታ በግዕዝ ፊደል ሊገባ ይችላል፤ ሳጥኑ ነጠብጣብ ብቻ ስለሚያሳይም ስሕተቱ በዓይን አይታይም። ያንኑ ቃል በቅድሚያ በተራ የጽሑፍ ገጽ ላይ ጽፎ መመልከት ጥርጣሬውን ያስወግዳል።

ሌላው ክፍል ሞደሙ ራሱ ነው። በኋላ ዘመን የወጡት ርካሽ የውስጥ ሞደሞች አብዛኛውን ሥራ ለኮምፒውተሩ ፕሮሰሰር የሚተዉ በመሆናቸው ድራይቨር ከሚባለው አሠሪ ፕሮግራም ውጭ ምንም አይሠሩም። ዊንዶውስ እንደገና ሲጫን ድራይቨሩ የነበረበት ሲዲ ከጠፋ፣ ፕሮግራሙን ከኢንተርኔት ለማውረድ ሞደም ያስፈልጋል፣ ሞደሙን ለማሠራት ደግሞ ፕሮግራሙ ያስፈልጋል፤ ስለዚህ ድራይቨሩን በሲዲ ገልብጦ ከኮምፒውተሩ ጋር ማስቀመጥ እጅግ የሚመከር ጥንቃቄ ነው።

የሞደም ዋነኛ ገዳይ ግን መብረቅ ነው። ከባሕር ወለል በላይ 2,000 ሜትር ገደማ በሆነው በፍኖተ ሰላምና በቡሬ አካባቢ የክረምቱ ነጎድጓድ ብርቱ ሲሆን፣ መብረቅ በአቅራቢያ ሲወድቅ በስልክ ሽቦው ላይ የሚፈጠረው ከፍተኛ ቮልቴጅ እስከ ሞደሙ ይደርሳል። ብዙ ሰው ኮምፒውተሩን በስታቢላይዘር ላይ ሰክቶ የተጠበቀ ይመስለዋል፤ ስታቢላይዘር ግን የሚቆጣጠረው በመብራት በኩል የሚመጣውን ብቻ ስለሆነ የስልኩ ገመድ ክፍት በር ሆኖ ይቀራል። ሰማዩ ሲጠቁር ሁለቱንም ገመዶች መንቀል ያስፈልጋል፤ ከመብረቅ በኋላ ኮምፒውተሩ እንደ ወትሮው ሲሠራ ሞደሙ ብቻ ቃና የማይሰማ ከሆነ፣ ተራው ስልክም በዚያው ሶኬት ላይ የሚሠራ ከሆነ፣ ካርዱ ተቃጥሏልና መለወጥ እንጂ ማስተካከል አይጠቅምም።

ችግሩ ከግድግዳው ሶኬት ውጭ መሆኑ ሲረጋገጥ ለቴሌ ባለሙያ «ኢንተርኔት እምቢ አለ» ብሎ ማመልከት ብዙ አይረዳም። ጫጫታው በተራ ስልክም እንደሚሰማ፣ በዝናብ ጊዜ ብቻ ወይስ በደረቅም እንደሚከሰት፣ ሞደሙ በስንት ፍጥነት እንደሚገናኝና ከምን ያህል ጊዜ በኋላ እንደሚቋረጥ ለይቶ መንገር፣ ሠራተኛው ምሰሶ ላይ ከመውጣቱ በፊት የትኛውን መቀጠያ መፈተሽ እንዳለበት እንዲገምት ያስችለዋል።