ወርቃማ ቧንቧ፣ ጥቁር እጀታ፣ የናስ ኩስኩስት

ሰው ቤት ስገባ ዓይኔ ቀድሞ የሚያርፈው ብረቱ ላይ ነው፤ የበሩ እጀታ፣ የመጋረጃው ዘንግ፣ ቧንቧው፣ የመስኮቱ ፍሬም። የምተዳደረው በቤት ፊኒሺንግ ሥራ ስለሆነ ልማድ ሆኖብኛል። አዲስ አበባ ውስጥ ኮንዶሚኒየም ወይም አፓርታማ ተረክበው ቤታቸውን የሚያስጨርሱ ሰዎችም ደጋግመው የሚጠይቁኝ ይህንኑ ነው፦ «ቧንቧው ከእጀታው ጋር አይሄድም፤ ሁሉንም ወርቃማ ባደርገው አይሻልም?»

አይሻልም። ከበር እስከ ሻወር ብረቱ ሁሉ አንድ መልክ የያዘበት ቤት ዕቃ ማሳያ ሱቅ ይመስላል። ሰው በኖረበት ቤት ውስጥ የተለያየ ዘመንና የተለያየ እጅ ያለፈበት ብረት መኖሩ ያለ ነው፤ ያምራልም። ግን ዝም ብሎ አይደባለቅም።

ዓይንን የሚረብሸው መጠኑ እኩል ሲሆን ነው። የካቢኔቱ ግማሽ እጀታ ጥቁር፣ ግማሹ ወርቃማ ከሆነ የሚያይ ሰው «ዕቃው አልቆባቸው ነው» ብሎ ያልፋል። ስለዚህ በአንድ ክፍል ውስጥ አንዱ ብረት በግልጽ መብዛት አለበት። ሁለተኛው ጥቂት ይሁን፤ ነገር ግን ቢያንስ ሁለት ቦታ ይታይ፤ አንድ ቦታ ብቻ ከታየ ተረስቶ የቀረ ይመስላል። ሦስተኛ ካስፈለገ በጣም ትንሽ ይበቃል።

አክሱሞች ይህን ያውቁበት ነበር። ከወርቅ፣ ከብርና ከመዳብ ገንዘብ ይሠሩ በነበረበት ዘመን፣ በአራተኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ግድም የነገሠው አፊላስ ካሠራቸው የብር ሳንቲሞች አንዳንዶቹ ላይ በንጉሡ ምስል ዙሪያ ወርቅ ተለብጧል። ከዚያ በኋላ በመጡት ነገሥታት ዘመን ደግሞ መስቀሉ አካባቢ ወርቅ የተቀባባቸው የመዳብ ሳንቲሞች አሉ። ሳንቲሙ ትንሽ ነው፤ ወርቁ ከዚያም ያንሳል። ያለው ግን ዓይን እንዲሄድበት የተፈለገው ቦታ ላይ ነው። ወጥ ቤት ስሠራ እነዚያ ባለሙያዎች ብዙ ጊዜ ትዝ ይሉኛል።

በቅርቡ አያት አካባቢ የሠራሁትን ወጥ ቤት ልንገራችሁ። ባልና ሚስቱ ወርቃማ ቧንቧና ጥቁር እጀታ አስቀድመው ገዝተዋል። ሲንኩ ስቴንለስ ነው፣ ፍሪጁ ግራጫ፣ መስኮቱ ነጣ ያለ አሉሚኒየም። ባል እጀታዎቹን መልሶ ሁሉንም በወርቃማ ሊቀይር ተነሥቷል። እኔ መጀመሪያ ያየሁት ኮርኒሱን ነበር። አምፖሉ 6500 ኬልቪን የሚል ነጭ ነው፤ ሰማያዊ የሚያጠቃው ብርሃን ማለት ነው። እንዲህ ዓይነት ብርሃን ሥር ወርቃማና ናስ መልካቸው ይጠወልጋል፣ ክሮም ደግሞ ዓይን ይወጋል። ሞቅ ያለውን፣ ካርቶኑ ላይ 3000 ኬልቪን የተጻፈበትን፣ አስገዝቼ አስቀየርኩ። የብዙ ቤት የብረት ጠብ እዚህ ላይ ይበርዳል። ከአምፖል በፊት ቧንቧ የሚቀይር ሰው ገንዘቡን ያባክናል።

ከዚያ ቆጠርን። ሲንኩ፣ ፍሪጁ፣ ምድጃው፣ መስኮቱ፤ ሁሉም ግራጫ። ስለዚህ የበዛው ታውቋል፤ ማንም አይቀይረውም። ጥቁሮቹ እጀታዎች ሁለተኛ ሆኑ፤ ጓደኛ እንዲያገኙ ከቱቦላሬ አንድ መደርደሪያ አስበይደን ጥቁር አስቀባን። ወርቃማው ቧንቧ ብቻውን ቀረ።

ይህን ስንነጋገር የሚስት እናት ከጓዳ አንድ የናስ ኩስኩስት ይዘው መጡ። «ልጄ፣ ይሄ እኮ የእናቴ ነው። ባረጀ ዕቃ ወጥ ቤቱን አታበላሹ ብለው በካርቶን አሽገውብኝ ነበር» አሉ። አንገቱ ላይ ቡናማ ጥላ ይዟል፤ እጀታው በብዙ እጅ ተሽቶ ሌላው ቦታ የሌለው ጥራት አለው፤ ከሥሩ በመዶሻ የተመታበት ይታያል። «እማማ፣ የሚያስፈልገን ይሄ ነው» አልኳቸው። ከቧንቧው አንድ ክንድ ያህል ርቆ መደርደሪያው ላይ ተቀመጠ።

ልጃቸው ግን ተጠራጠረች፤ ሁለቱ ቢጫዎች አይመሳሰሉም አለች። ልክ ናት፤ ያማረውም ስለማይመሳሰሉ ነው። አንዱ አዲስና የሚያብለጨልጭ፣ ሌላው አሮጌና ደብዛዛ፣ ልዩነታቸው በሩቁ ይታወቃል። የሚያስጠላው ለመመሳሰል ጥቂት የጎደለው ነገር ነው። ክሮምና ኒኬልን አጠገብ ለአጠገብ ብታስቀምጡ ታዩታላችሁ፤ ክሮም ወደ ሰማያዊ ያደላል፣ ኒኬል ትንሽ ቢጫ አለው፣ ጎን ለጎን ሲሆኑ አንዱ የቆሸሸ ይመስላል። ወይ አንድ ዓይነት ይሁኑ፣ ወይ በግልጽ ይለያዩ።

ስትገዙ ደግሞ መልኩን ብቻ አትመኑ። ክሮም የምንለው ቧንቧ ጥሩ ከሆነ ውስጡ ናስ ነው፤ ማለትም መዳብና ዚንክ። በላዩ ኒኬል ይለበጣል፣ ከዚያ ከሚሊ ሜትር አንድ ሺሕኛ የሚያንስ ክሮም ይደረብበታል። በዛሬው ወርቃማ ቧንቧ ላይም አብዛኛውን ጊዜ ወርቅ የለም፤ ጥሩ የሚባለው አየር በወጣለት ዕቃ ውስጥ በቲታኒየም ወይም በዚርኮኒየም ውህድ የተለበጠ ነው፣ ጠንካራም ነው። ርካሹ ቀለም ብቻ የተቀባ ነው፤ ቶሎ ይላጣል። ተክለሃይማኖት ሱቆች ስሄድ ከፍሪጅ ላይ የነቀልኩትን ትንሽ ማግኔት ይዤ ነው። ቧንቧው ላይ ከተጣበቀ ውስጡ ብረት አለ፤ ዝገቱ ጊዜ ይጠብቃል። ካልተጣበቀ በእጃችሁ መዝኑት፤ ናስ ይከብዳል፣ በዚንክ ቅይጥ የተሠራው ለመጠኑ ይቀልላል።

አያያዙም እንደ ብረቱ ይለያያል። ያልተለበጠ ናስና መዳብ በሎሚና በጨው ይጠራል። የተለበጠውን ግን እንዲህ ብታሹት ሽፋኑን ታነሱታላችሁ፤ ለስላሳ ጨርቅና የሳሙና ውሃ ይበቃዋል። ስቴንለስ ሲንክ የሚጠላው በረኪናን ነው፤ ክሎሪኑ ቀስ እያለ ጥቃቅን ጉድጓድ ያበጅበታል። በብረት ሽቦ መፈተግም ጥሩ አይደለም፤ የሽቦው ስባሪ ቀርቶ ይዝግና ሲንኩ የዛገ ይመስላል።

የብር ዕቃ ያላቸው ሰዎች እንዳይደብቁት እለምናለሁ። ከድሮ የአንገት መስቀሎች ብዙዎቹ የተሠሩት ጠገራ ቀልጦ ነው፤ 1780 የሚል ዓመት የታተመበት የማርያ ቴሬዛ ብር። እንዲህ ያለ መስቀል ሳሎን ግድግዳ ላይ፣ ጥቁር የብረት ፍሬም ውስጥ ሲገባ ከየትኛውም ውድ ጌጥ ይበልጣል። ወጥ ቤት ግን አታስገቡት፤ በሽንኩርትና በእንቁላል ውስጥ ያለው ድኝ ብርን ያጠቁራል። ጥቁር ብረት ለመጨመር ደግሞ የውጭ ዕቃ ፍለጋ መንከራተት አያስፈልግም። ምናለሽ ተራ ውስጥ በርሜልና ላሜራ ቀጥቅጠው ማንደጃ የሚሠሩ ሰዎች የመብራት ቆብም፣ የዕቃ ማንጠልጠያም ልኩን ካሳያችኋቸው ያወጡላችኋል። የመዶሻው ምት እንዳይጠፋ ለምኗቸው፤ ውበቱ እሱ ነው።

እርጥበት ባለበት ቦታ አንድ ጥንቃቄ አለ። የተለያዩ ብረቶች እየተነካኩ ውሃ ሲያገኛቸው አንዱ ሌላውን ይበላዋል። አሉሚኒየም ላይ የመዳብ ወይም የናስ ዕቃ በቀጥታ ከታሰረ አሉሚኒየሙ ነጭ ዱቄት እያወጣ ያልቃል። መታጠቢያ ቤት ውስጥ እንዲህ ያለ ነገር ስታስገጥሙ በመሃል የጎማ ሮንዴላ ይግባ፤ ባለሙያው ቢቸኩልም እናንተ ቆማችሁ አስገቡ።

እጀታ ስትገዙም ሁሉንም ከአንድ ሱቅ፣ በአንድ ቀን ግዙ፤ ሁለት ትርፍ ጨምሩ። አንድ ስም ያለው ወርቃማ በሚቀጥለው ጭነት ሲመጣ ትንሽ ቀላ ወይም ነጣ ብሎ ይመጣል፤ ያኔ የተሰበረውን አንድ እጀታ ለመተካት ስትሉ ካቢኔቱን በሙሉ መቀየር ይመጣል።