በውጭ አገር ለሚኖሩ ተወላጆች የሚሰጥ ነባር የልደት ማስረጃና የሚያስፈልገው ጥንቃቄ

ከሰበታ ወደ ጅማ በሚወስደው አውራ ጎዳና ላይ በምትገኘው በተፍኪ፣ እንዲሁም በአዲስ አበባ ዙሪያ ባሉት በሰበታ፣ በቡራዩና በሱሉልታ ተወልደው በውጭ አገር የሚኖሩ ኢትዮጵያውያንና ትውልደ ኢትዮጵያውያን ለቤተሰብ ማገናኘት ወይም ለዜግነት ጉዳይ የልደት ማስረጃ ሲጠየቁ ጥያቄያቸውን የሚያቀርቡት ለትውልድ ቀበሌያቸው ነው። ይሁንና አብዛኞቹ በተወለዱበት ጊዜ የተመዘገበ የልደት መዝገብ የላቸውም።

በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ስለ ክብር መዝገብ ቢደነግግም ድንጋጌው ለአሥርት ዓመታት በአገር አቀፍ ደረጃ ሥራ ላይ ሳይውል ቆይቷል። የወሳኝ ኩነት ምዝገባ በአዋጅ ቁጥር 760/2004 መሠረት በመላ አገሪቱ የተጀመረው ሐምሌ 30 ቀን 2008 ዓ.ም. ነው። አዋጁ ልደት በ90 ቀናት ውስጥ እንዲመዘገብ ያዛል። ከዚያ በፊት ለተወለደ ጎልማሳ የሚሰጠው ማስረጃ፣ በተለምዶ ነባር የሚባለው፣ በአብዛኛው የቆየ መዝገብ ቅጂ ሳይሆን በሌሎች ማስረጃዎች ላይ ተመሥርቶ አሁን የሚዘጋጅ ሰነድ ነው። በመሆኑም የክርስትና ወይም የትምህርት ቤት ማስረጃ፣ የክትባት ካርድ፣ የቀበሌ የቤተሰብ ቅጽና የምስክሮች ቃል ዋነኛ መሠረቶቹ ናቸው።

አመልካቹ በአካል መቅረብ ካልቻለ በሚኖርበት አገር በሚገኝ የኢትዮጵያ ኤምባሲ ወይም ቆንስላ የውክልና ሥልጣን ይሰጣል። ውክልናው አገር ቤት ሲደርስ በውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር ተረጋግጦ በሰነዶች ማረጋገጫ መሥሪያ ቤት ይመዘገባል። ወኪሉ ያወጣው የልደት ማስረጃም ወደ ውጭ ከመላኩ በፊት በውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር ይረጋገጣል፤ እንደ አስፈላጊነቱም በተቀባዩ አገር ኤምባሲ በኩል ያልፋል።

ጉዳዩ በብዛት የሚሰናከለው በሦስት ነጥቦች ላይ ነው። የመጀመሪያው የዘመን አቆጣጠር ነው። መስከረም 1 ቀን 1970 ዓ.ም. የተወለደ ሰው በጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር የተወለደው በ1977 ሲሆን፣ ጥር 1 ቀን 1970 ዓ.ም. የተወለደው ግን በ1978 ነው። ከዓመቱ ላይ በጅምላ 7 ወይም 8 መደመር ስለዚህ ያሳስታል።

ሁለተኛው የስም አጻጻፍ ነው። በቁቤ «ጨ» በአንድ ፊደል ሲጻፍ በእንግሊዝኛ በተዘጋጀ ፓስፖርት ላይ በሁለት ፊደላት ሊሰፍር ይችላል። ጫላ የተባለ ሰው በሁለት ሰነዶች ሁለት ሰው መስሎ የሚታየውም በዚህ ምክንያት ነው።

ሦስተኛው የትውልድ ቦታ ነው። አካባቢው በቀድሞው አስተዳደር በሸዋ ክፍለ ሀገር ሥር የነበረ ሲሆን አሁን በኦሮሚያ ክልል ውስጥ ይገኛል። ሰበታ፣ ቡራዩና ሱሉልታም በ2015 ዓ.ም. በሸገር ከተማ ሥር ተዋቅረዋል። መዋቅር ሲለወጥ ፋይሎች በየት እንደሚገኙ የሚያሳይ የርክክብ መዝገብ ካልተያዘ ባለጉዳዩ ከጽሕፈት ቤት ወደ ጽሕፈት ቤት ይንከራተታል።

የአሜሪካ ቆንስላዎች ለስደተኛ ቪዛ የሚቀበሉት የልደት ማስረጃ የልደት ቀንን፣ ቦታንና የሁለቱንም ወላጆች ስም የያዘና ከይፋዊ መዝገብ የወጣ መሆን ይኖርበታል። ማስረጃው ዘግይቶ የተሰጠ ከሆነ ተጨማሪ ሰነድ ሊጠየቅ ይችላል። በመሆኑም በአንዲት ቀን ወይም በአንድ ፊደል መለያየት ምክንያት እናት ከልጇ ጋር የምትገናኝበት ጊዜ ሊራዘም ይችላል።

ስለዚህ ፈጻሚው ባለሙያ ማኅተም ከማሳረፉ በፊት የአመልካቹን ፓስፖርት ቅጂ ከቀረቡት ማስረጃዎች ጋር ማመሳከር፣ ልዩነት ሲያገኝም ለባለጉዳዩ በጽሑፍ ማሳወቅና የመሠረት ሰነዶቹን በፋይል ማስቀመጥ ይጠበቅበታል። ለባለጉዳዩ በማዘን ያልተረጋገጠ ቀን መመዝገብ ጉዳዩን የሚያፋጥን ቢመስልም፣ ሰነዱ በውጭ ሲመረመር ባለጉዳዩን በሐሰት ማስረጃ ሊያስጠይቅና የጽሕፈት ቤቱን ተዓማኒነት ሊጎዳ የሚችል ድርጊት ነው።