ከስዊዘርላንድ እስከ ምክር ቤት

ሴት ልጅን ለትምህርት ባሕር ማሻገር ምን ይጠቅማል ለሚል ሰው የወይዘሮ ስንዱ ገብሩ ሕይወት በቂ መልስ ነው። አባታቸው ከንቲባ ገብሩ ደስታ በልጅነታቸው ስዊዘርላንድ ልከው አስተማሯቸው። በኋላ ዓለም በፒያኖ ያወቃቸው እህታቸው እማሆይ ጽጌ ማርያምም እዚያው ተምረዋል።

ስንዱ ከጣሊያን ወረራ በፊት አገር ቤት ገቡ። በወረራው ዘመን ተይዘው ጣሊያን ውስጥ ባለችው አዚናራ ደሴት ታሰሩ።

ትልቁ ሥራቸው የመጣው ከነፃነት በኋላ ነው። የእቴጌ መነን የሴቶች ትምህርት ቤት የመጀመሪያዋ ኢትዮጵያዊት ዳይሬክተር ሆኑ። ተውኔት ይጽፉ ነበር፤ ተማሪዎቻቸውም መድረክ ላይ ወጥተው ይጫወቱት ነበር። ሴት ልጅ አንገቷን ደፍታ እንድትኖር በሚመከርበት ዘመን፣ በሰው ፊት ድምፅን ከፍ አድርጎ መናገር ራሱን የቻለ የአመራር ትምህርት ነበር። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1957 ደግሞ ተመርጠው ፓርላማ በመግባት የመጀመሪያዋ ሴት አባል ሆኑ።

የስንዱ ትምህርት ፍሬ ያፈራው ከተመለሱ በኋላ በሠሩት ሥራ ነውና፣ ዛሬ ለወጣት ሴቶች ስኮላርሺፕ ወይም የልውውጥ ጉዞ የሚያዘጋጁ ሁሉ ከቪዛና ከትኬት እኩል ስለ መመለሻው ሊጨነቁ ይገባል። ልጅቷ ስትመለስ የምትመራው ክበብ ወይም የምታስተምረው ክፍል ከመሄዷ በፊት፣ ከራሷ ጋር በመመካከር ቢወሰን ይመረጣል።